ጡንቻ ነው ያልነው ሕመም

ጥቅምት 8 ቀን

ለልጃችን ለድንቢጥ፣

ካለሽበት ድረስ የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስሽ። ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅሽ፤ በወጣሽ በገባሽበት ሁሉ ደግ ሰው ያጋጥምሽ። እኛን ናፍቆትሽ ነው እንጂ ሌላ ምንም አላስቸገረንም።

ፎቶግራፍሽ ደረሰን። ነጭ ጋውን ለብሰሽ ከዚያ ረጅም አልጋ አጠገብ ቆመሽ ሳይሽ፣ «ይቺ ልጅ ሳትነግረን ዶክተር ሆነች እንዴ?» አልኩ። አክስትሽ «አርፈህ ቁጭ በል፣ ሰውነት ማሸት ነው የምትማረው» ብላ ተቆጣችኝ። ተቆጥታ ስታበቃ ፎቶግራፉን ከስፌት መኪናዋ በላይ ግድግዳው ላይ የሰቀለችው ግን እሷው ናት። ልብስ ሊለካ የመጣ ሰው ሁሉ «ማናት?» ሳይላት «ልጄ ናት» ትላለች። «የእህቴ ልጅ» ማለቱን እናትሽ ካረፈች ወዲህ ትታዋለች።

ሥራ ያው እንደምታውቂው ነው። እኔ ጎማ እለጥፋለሁ፣ እሷ ትሰፋለች። የተማሪ ዩኒፎርም ትእዛዝ ዘግይቶ ስለመጣ ቀና የምትልበት ጊዜ የላትም፤ በራሷ እጅ ያልጻፈችልሽ ለዚህ ነውና እንዳትቀየሚ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ቀኝ ትከሻዬን ከኋላ በኩል፣ እጅ ከማይደርስበት ቦታ ላይ ያመኛል። ጎማ ቢሆን ውሃ ውስጥ ነክሬው የሚተነፍስበትን አገኝ ነበር፤ ሰውነት ግን አረፋ አያወጣም። አንቺ እንግዲህ የዚህ ነገር ተማሪ ነሽ። እንዴት ይታሻል? ምን ይቀባል? ክኒን ሆድ ያቃጥላልና ሌላ መላ ካለሽ ጻፊልኝ። አክስትሽ አጠገቤ ቁጭ ብላ «በደንብ አድርገህ ጠይቃት» እያለችኝ ነው።

በርቺልን። ብርድ እንዳይመታሽ ደርበሽ ልበሺ።

ጋሼሽ፣ ጎሚስታው


ኅዳር 19 ቀን

ለውድ ጋሼ፣

እንደምን ከርመዋል? የእርስዎን ጤና፣ የቤታችንን ሰላም ያሰማኝ። እኔ ተመስገን፣ ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ፣ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ አረፋው ጋ ስደርስ ብቻዬን ሳቅኩ። የምሠራበት ቤት ታችኛው ፎቅ የሙቅ ውሃና የእንፋሎት መታጠቢያ ነው። ላይኛው ፎቅ ላይ በመጋረጃ የተከፋፈሉ የመታሻ ክፍሎች አሉ። ጫፍ ላይ ባለችው ክፍል አንድ አዛውንት ፀጉር የሚያህሉ ቀጫጭን መርፌዎች ሰው ገላ ላይ ይተክላሉ። መጀመሪያ ቀን ሳይ ጮኼ ነበር፤ አሁን ሻይ የምወስድላቸው እኔ ነኝ። ሹፌር ይመጣል፣ ጸሐፊ ይመጣል፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል ፀጉር ሠሪ ትመጣለች። ምንም ሳያማቸው የሚመጡም አሉ። አንዷን ሴትዮ «የት ጋ ነው የሚሰማዎት?» ብላት፣ «የትም። የሚነካኝ ሰው ስለሌለኝ ነው የመጣሁት» አለችኝ።

ወደ ትከሻዎ ልምጣ። ጠዋትና ማታ ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክረው ይጭመቁና እስኪቀዘቅዝ ድረስ ያኑሩበት። ከዚያ እቴቴ ቅባቱን እጇ ላይ አሙቃ፣ ከአከርካሪዎ ወደ ውጭ በአውራ ጣቷ ቀስ እያለች እንድታሽዎት ይንገሯት። አጥንት ላይ እንዳትጫን፤ ሥጋው ላይ ብቻ። ቅባቱን ወደዚያ ለሚመጣ ሰው ሰጥቻለሁ፤ ሲቀባ መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ቆይቶ ይሞቃል፣ እንዳይደነግጡ።

አንድ ነገር ግን ሳልጠይቅዎት አላልፍም። አስተማሪያችን ሰው ላይ እጃችንን ከማሳረፋችን በፊት የምታስጠይቀን ነገር አለ። ሕመሙ ሲያርፉም ይሰማዎታል ወይ? ክብደት ቀንሰዋል ወይ? ሳል አለ ወይ? «አንዱ እንኳ ካለ እጃችሁን ሰብስቡና ሐኪም ጋ ላኩት» ትለናለች። እባክዎን በደንብ ይመልሱልኝ።

እቴቴ ምነው አንድ መስመር እንኳ ነፈገችኝ? ጉንጯን ሳሙልኝ።

ልጅዎ ድንቢጥ


ታኅሣሥ 27 ቀን

ለልጄ ለድንቢጥ፣

የሰማይ አምላክ ዕድሜና ጸጋ ይስጥሽ፤ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ።

ቅባቱ ደረሰ። ምን ብዬ ልንገርሽ! በተቀባ በሳምንቱ እንቅልፍ ተገኘ። ቤቱ በሙሉ የቅባቱ ሽታ ሆኗል፤ ዩኒፎርም ሊወስዱ የሚመጡ እናቶች «እዚህ ቤት ፋርማሲ ተከፈተ እንዴ?» ይላሉ። ፎጣውንም እንዳልሽው እናደርጋለን። ሲሞቅ ያ ነገር ላላ ይላል። አመሰግናለሁ ማለት ያንሳል።

ለጥያቄሽ መልስ፦ ሕመሙ ሥራ ሲበዛ ነው የሚብሰው። ሳል የጎረቤት እንጂ የኔ አይደለም። ክብደት ላልሽው፣ ሆዴ ዛሬም ከኔ ቀድሞ በር ይገባል፤ ይልቅ የሚቀንስ ነገር ካለሽ እሱንም ላኪልኝ።

ሰው ከተገኘ ያንን ቅባት ድገሚልን። ወገብና ጀርባ የሚያሞቅ የሱፍ መጠቅለያም አለ ይላሉ፤ ካየሽ ብትልኪ ደስ ይለናል።

ጋሼሽ

ድንቢጤ፣ እኔ ደህና ነኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ትምህርትሽን ጨርሺ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ይደርሳል። እቴቴሽ።


ጥር 30 ቀን

ለውድ ጋሼ፣

ሰላምዎ ይብዛ። እንቅልፍ አገኘሁ ማለትዎን ሳነብ ለአስተማሪዬ ሮጬ ነገርኳት። «የመጀመሪያ ታካሚሽ ዳነልሽ ማለት ነው» አለችኝ። ፈተናውንም አልፌያለሁ። ከዚህ ወር ጀምሮ የራሴ አልጋ፣ የራሴ መጋረጃ አለኝ። ስሜን በር ላይ ለጥፈውልኛል፤ ሰዎቹ ሊጠሩት ስለማይችሉ ግን ሁሉም «ትንሿ» ይሉኛል። ከድንቢጥ ብዙም አልራቅሁም።

ቅባትና የሱፍ መጠቅለያ ልኬያለሁ። መጠቅለያው ለእርስዎ ሆድ ጠባብ እንዳይሆን ብዬ ትልቁን ነው የገዛሁት።

ጋሼ፣ ሕመሙ እስካሁን ካልለቀቀዎት ግን ለሐኪም ይታዩ። ማሸት የደከመ ጡንቻን ያፍታታል፤ ከዚያ ያለፈውን ነገር አያውቅም። ይህን የምልዎት ላስፈራራዎት አይደለም።

እቴቴ የጻፈችውን ደጋግሜ አየሁት። የሷ ፊደል እንደ ስፌቷ ቀጥ ያለ ነበር፤ ይኸኛው ወደ ታች ያዘነብላል። ሰፈራችን ካለው ሱቅ ደውዬ እንዲጠሩልኝ ብጠይቅ ባለሱቁ «ገበያ ሄዳለች» አለኝ። ከሳምንት በኋላም ብደውል ገበያ ናት። ገበያው የት ተዛወረ? ወይስ ተኳርፋችኋል? እውነቱን ንገሩኝ።

ልጅዎ ድንቢጥ


ሚያዝያ 2 ቀን

ለልጄ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ።

መጠቅለያው ደርሷል። ቅባቱን ግን ለጊዜው አቁመነዋል፤ ሽታው ያቅለሸልሸኛል። ሽታ የሌለው ለስላሳ ዘይት ካለ እሱ ይሻላል። ደግሞም ተኝቶ ለሚውል ሰው ቆዳው እንዳይላጥ የሚቀባ ነገር እንዳለ ሰምቻለሁ። ትንሽ ለስላሳ ትራስም፣ ጎን ሥር የሚገባ።

ቶሎ ከሆነ ደግ ነው።

ጋሼሽ


ሚያዝያ 20 ቀን

ጋሼ፣

የማን ትከሻ ነው?

እርስዎ ቀኑን ሙሉ የተቃጠለ ጎማና ቤንዚን ሲያሸቱ ውለው ምንም የማይልዎት ሰው ነዎት። የቅባት ሽታ አቅለሸለሸኝ አሉኝ። በሆነ ባልሆነው የሚያስቁኝ ሰውዬ በዚህ ደብዳቤ አንድ ጊዜ እንኳ አልቀለዱም። የእቴቴንም ስም አልጠሩም። ተኝቶ የሚውለው ማነው?

ዘይቱን፣ ትራሱን፣ የቆዳውን ቅባት ዛሬውኑ ልኬያለሁ። አሁን እውነቱን ይጻፉልኝ። እለምንዎታለሁ።

ድንቢጥ


ግንቦት 6 ቀን

ለልጄ ለድንቢጥ፣

ፈጣሪ ልብሽን ያጽናው። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

የአክስትሽ ነው። ከመጀመሪያውም የሷ ነበር።

መኸር ላይ ነው የጀመራት። ሌላው ሰው ሲያመው ሥራ ያቆማል፤ እሷ ፔዳሉን በርትታ ትረግጣለች። «የስፌት መኪና ላይ ጎንብሶ መዋል ነው፣ ጡንቻ ነው» አለች። እኔም አመንኩ፤ ማንስ ቢሆን ያምናል። አንቺን እንጠይቅ ስላት «የኔ ነው ካልካት ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች። ያንተ ነው በላት፤ ላንተ ያን ያህል አትጨነቅም» ብላኝ ሳቀች። ነገሩ እንዲህ በቀልድ ነው የተጀመረው።

ክብደትና ሳል የጠየቅሽበትን ደብዳቤ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩላት። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «ስለ ሆድህ ጻፍላት፣ ትስቃለች» አለችኝ። ጻፍኩ። ያኔ ሳል ነበራት፤ የጨርቅ አቧራ ነው እንል ነበር። መክሳቷን ግን አላየሁም። ልብስ ሰፊ አይደለች? ቀሚሶቿን አንድ በአንድ እያጠበበች ነበር የምትለብሰው። ልክክ ብሎ የተሰፋ ቀሚስ ለብሳ ፊቴ ስትመላለስ፣ ምን አይቼ ልወቅ?

የካቲት ላይ እጇ መቀስ ጣለ። ተሸክሜያት ሄድኩ። ሐኪሙ ሳንባዋ ላይ ያለው ነገር ወደ አጥንቷ ተሻግሯል አለን። «ጡንቻ ነው ብለን ስናሻት ነበር» አልኩት። ወረቀቱን ገልብጦ አስቀመጠና «አይዞዎት» አለኝ።

አሁን ለሕመሙ የሚሰጧትን መድኃኒት እየወሰደች ቤት ተኝታለች። አንቺን እንድነግርሽ አልፈለገችም ነበር። ደብዳቤሽን ሳነብላት ግን «በቃ፣ ደርሳብናለች» አለች። ዘይቱ መጥቷል። እንዳሻት ጠየቀችኝ፣ እኔ ፈራሁ። ባሻት ይብስባታል? ምን ላድርግ በዚህ እጄ?

ጋሼሽ


ግንቦት 17 ቀን

ለጋሼ፣

ሳለቅስ ሰንብቼ ነው የምጽፈው። የምቆጣበት ጊዜ ይመጣል፤ አሁን እሷ ትቅደም።

ልመጣ ተነስቼ ነበር። ፓስፖርቴ የመኖሪያ ፈቃድ ሊታደስበት ቢሮ ገብቷል፤ ያለሱ ከአገር መውጣት አልችልም። በየጠዋቱ መስኮቱ ላይ ቆሜ እለምናለሁ። ከመስታወቱ ኋላ ያለው ሰውዬ መልኬን ለምዶት ገና ሳልናገር ራሱን ይነቀንቃል።

ስለዚህ እኔ እስክደርስ እርስዎ ይንኩልኝ። መጀመሪያ የሚከታተላትን ሐኪም የት የት መነካት እንደሌለበት ይጠይቁት። ትከሻዋንና ጀርባዋን ይተዉት፤ የታመመ አጥንት አይጫኑትም። እግሮቿን፣ መዳፎቿን፣ ራሷን ብቻ። እጅዎን ሙቅ ውሃ ውስጥ ያቆዩት፤ ዘይቱን በእርስዎ መዳፍ ያሙቁት። ከዚያ እንቁላል እንደያዘ ሰው እግሯን ይያዙ። ማሸት እንኳ አይበሉት፤ ዝም ብሎ መያዝ ነው። ትንፋሿን ያዳምጡ፤ እሷ ስትተነፍስ እርስዎም ይተንፍሱ። ፊቷ ሲኮማተር ያቁሙ። እንቅልፍ ቢወስዳት እጅዎን ድንገት እንዳያነሱ፤ ቀስ ብለው።

አይፈውሳትም ጋሼ። ይህን አውቀው ይጀምሩ። ያሳርፋታል ብቻ።

የእርስዎም ቆዳ እንዲለሰልስ ዘይቱን ለራስዎም ይቀቡት።

ድንቢጥ


ሰኔ 1 ቀን

ለልጄ፣

የመረጥሽልኝን መንገድ ፈጣሪ ይባርክልሽ። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

ሐኪሙን ጠየቅሁት፤ «እግርና እጅ ምንም አይደለም፣ እንዲያውም ደግ ነው» አለኝ። ከሥራ ስገባ «እጅህን ታጠብ» አለችኝ። ታጠብኩ። «ድገም» አለች። በአሸዋና በሳሙና ፈትጌ መጣሁ። ጥፍሬ ሥር ያለው ጥቁር ግን አልለቅም አለ። አየችውና «ይሁን፣ ከሱ ጋር ነው ያገባሁህ» አለችኝ።

እግሯን ያዝኩት። ይህን ሁሉ ዓመት በትዳር ኖሬ እግሯን በወጉ አይቼው አላውቅም። የአንዱ እግሯ መዳፍ ፔዳል ሲረግጥ ኖሮ እንደ ጫማ ሶል ደድሯል። መጀመሪያ ጨበጥኩት መሰለኝ፣ «ቀስ በል እንጂ፣ ጎማ መሰልኩህ? ካላማዳሪ ልታወጣብኝ ነው?» አለች። ያስቃታል፤ ሳቋ ሳል ይሆንና እንጠብቃለን። ከዚያ እንዳልሽው አብሬያት መተንፈስ ጀመርኩ። የኔ ትንፋሽ ረጅም ነው፣ የሷ አጭር። እሷን መከተል አቃተኝ፤ ኋላ ግን ተገናኘን። ግንባሯ ተፈታ። ሕመሟ ሄደ አልልሽም፤ መድኃኒቱ ሲያልቅባት ታቃስታለች። ግን ስይዛት ዓይኗን ትጨፍናለች።

ትናንት ማታ፣ ተኝታለች ብዬ ስነሳ፣ «ይህን እጅ እስከ ዛሬ የት ደብቀኸው ነበር?» አለችኝ።

«ሥራ ላይ ነበር» አልኳት።

«የኔም» አለች።

ከዚያ ያወራነው ብዙ ነው። ልጅ ስላለመውለዳችን፣ እናትሽ ስትሞት አንቺን ሻንጣ ላይ ተቀምጠሽ ስላገኘንሽ ቀን፣ አንዳችን ለአንዳችን ስላልተናገርነው ነገር። ፊት ለፊት ቢሆን አንልም ነበር። እግሯን ይዤ አንገቴን ስለደፋሁ ነው መሰለኝ የወጣልን።

ለአንቺ እንዲህ በላት ብላኛለች፦ «የላክሽልኝ እጅ ደርሶኛል።»

ጋሼሽ


ሰኔ 23 ቀን

ልጄ፣

አክስትሽ ትናንት ጠዋት አረፈች።

ቁርስ ሰዓት ነበር። «ብርድ ብርድ አለኝ» ስትለኝ እግሯን ያዝኩላት። መቼ እንደሄደች አላወቅሁም፤ ማሸቴን አላቆምኩም ነበር። ጎረቤታችን ሻይ ይዛ ገብታ «ኧረ ተው፣ በቃ፣ በቃ» ብላ እጄን እስክትይዘው ድረስ እያሸሁ ነበር።

ዛሬ ተቀበረች። ዩኒፎርም የሰፋችላቸው ልጆች በሙሉ መጡ።

እግዚአብሔር ያጽናሽ። እኔን አታስቢ።

ጋሼሽ


ነሐሴ 15 ቀን

ለልጄ ለድንቢጥ፣

እንደምን አለሽ? በያለሽበት ይጠብቅሽ። ደብዳቤዬ ሳይደርስሽ ቀርቶ ይሆን ብዬ ነው ደግሜ የምጽፈው። ፖስታ ቤት ያለችው ልጅ ስገባ ታየኝና «የለም፣ ጋሼ» ትለኛለች፤ ሳልጠይቃት።

ከአንቺ የምፈልገው ምንም ነገር የለም። ቅባትም ዘይትም አላስፈልገኝም። ደህና ነኝ የምትል ቃል ብቻ።

ጋሼሽ


መስከረም 21 ቀን

ለጋሼ፣

ደብዳቤዎቹ ሁሉ ደርሰውኛል። እጄ አልጽፍ ብሎኝ ነው።

ፈቃዴ የታደሰው እሷ ከተቀበረች በኋላ ነው። ያ ሰውዬ ፓስፖርቴን በመስኮቱ ሲያቀብለኝ «ደስ ይበልሽ፣ አሁን መሄድ ትችያለሽ» አለኝ። ወዴት?

ማሸቱን ትቼዋለሁ። አሁን ታችኛው ፎቅ ፎጣና አንሶላ አጥባለሁ። አስተማሪዬ ብትለምነኝም እምቢ አልኩ። ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲተኛ፣ ከዚያ ጀርባ ሥር ምን እንዳለ አላውቅም ጋሼ። እጄን አሳርፌ እንቅልፍ ሰጥቼው፣ ያ እንቅልፍ ሐኪም ጋ እንዳይሄድ ቢያደርገውስ? የኔ ቅባት እቴቴን ያን በጋ አስተኝቷታል። ሕመሟ እየጮኸ ነበር፤ እኔ ነኝ ዝም ያስባልኩት። በሱም ተኩራርቼ ለአስተማሪዬ ሮጬ ነገርኩ።

እርስዎስ? ጠይቄዎት ነበር። ክብደት፣ ሳል፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ጽፌ ጠይቄዎት ነበር። ስለ ሆድዎ ነገሩኝ። አልጋዬ ላይ ተንከባልዬ ሳቅኩ! በሷ ሞት ላይ አሳቁኝ። ይህን እንዴት አድርጌ ይቅር ልበልዎት? እንዳልጠላዎት ደግሞ ሌላ ሰው የለኝም።

ይህን ደብዳቤ ቀድጄ እንደገና ጽፌዋለሁ፤ ከዚህ የተሻለ አልወጣልኝም።

ድንቢጥ


ኅዳር 12 ቀን

ለልጄ ለድንቢጥ፣

አምላክ ሐዘንሽን ያቅልልሽ። የጻፍሽውን ሁሉ ተቀብያለሁ። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ሲሆንልሽ ይሆናል። እየተናደድሽም ቢሆን ጻፊልኝ።

ሐኪሙ ጋ ሄጄ ነበር። ወረፋ ይዤ፣ እንደ ታካሚ ገብቼ ፊቱ ተቀመጥኩና «እውነቱን ንገረኝ፤ መኸር ላይ ይዣት ብመጣ ትድን ነበር?» አልኩት። «ጥቂት ጊዜ ታገኝ ይሆናል። ትድን ነበር ግን ልልዎት አልችልም» አለኝ። ያችን ጥቂት ጊዜ የበላኋት እኔ ነኝ፤ ባለቤቴም አብራኝ በልታታለች። አንቺ ግን የምትጠይቂውን ጠይቀሻል። አስተማሪሽ ያስተማረችሽን አንድም አላጎደልሽም። ይህን ልነግርሽ ስል ነው ሐኪሙ ጋ የሄድኩት።

ሌላ የምነግርሽ ነገር አለ። ባለፈው ሳምንት ሱቄ በር ላይ አንዲት ሴት መጣች፤ መንገድ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጠዋ፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው የመጣችው። «ባለቤትዎን እንዴት አድርገው ያሻሿት እንደነበር ሰምቻለሁ። ትከሻዬን ገደለኝ፣ እባክዎን» አለችኝ። ቀኝ ትከሻ፣ ከኋላ። ጎማ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ያስልሻል?» አልኳት።

«ኧረ የለም።»

«ከስተሻል?»

«እኔ እንጃ።»

«ቀሚስሽን ማን ነው የሚሰፋልሽ?» ስላት ያበድኩ መሰላት።

«ሐኪም ሳያይሽ ጣቴን አላሳርፍብሽም» አልኳት። ተቆጣች፤ «ለትከሻ ሐኪም!» አለች። ሱቄን ዘግቼ ይዣት ሄድኩ። ቅርጫቷን ሳይቀር ተሸክሜ። ኮሪደሩ ላይ፣ ከአክስትሽ ጋር የጠበቅንበት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ፎቶ አነሷት፣ ደም ወሰዱላት፣ ጠበቅን። በመጨረሻ በሩ ተከፈተና ወጣች፤ ፊቷ ላይ ንዴት አለ።

«ይኸው፣ ብዬዎት ነበር» አለችኝ። «ጡንቻ ብቻ ነው። ሸክም ነው አሉኝ። ሙሉ ቀኔን በሉብኝ።»

ልጄ፣ ኮሪደሩ መሀል አለቀስኩ። ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ነርሷ ውሃ አመጣችልኝ፤ ሴትየዋም ደንግጣ «ምን ሆኑ? ጡንቻ ነው እኮ አሉኝ፣ ጡንቻ» እያለች ክንዴን ያዘችኝ። ደስታም ነበረበት፣ ቅናትም ነበረበት። ለምን የአንዷ ጡንቻ ሆነ፣ የአንዷ አልሆነም? ማን ይጠየቃል?

በማግስቱ ከትልቋ ልጇ ጋር ቤት መጣች። ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክሬ ጨመቅሁ። ልብሷን እንደለበሰች ወንበር ላይ ፊቷን ወደ መደገፊያው አድርጋ ተቀመጠች። እጄን ታጠብኩ፣ ደገምኩ፣ አሞቅሁ። ከአከርካሪ ወደ ውጭ፣ ቀስ ብሎ፣ አጥንት ሳይነኩ፣ እንደጻፍሽልኝ። ትንሽ ቆይታ «እፎይ» አለች።

ወደ አልጋሽ መመለስ አለመመለሱን አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ በዚህ ላይ አፍ የለኝም። የሆነውን ልንገርሽ ብዬ ነው። ትከሻዋ የአክስትሽ አይደለም። ገና እጄን ሳሳርፍ አወቅሁት፤ ሰፊ ነው፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። አንስቼ ልሄድ ነበር። ሴትየዋ ግን ዓይኗን ጨፍና ነበርና እጄን አላነሳሁም።

ጋሼሽ